ቶተንሃም ቋሚ አሰልጣኝ የሚሾመው መቼ ነው?

ግንቦት 2015 ዓ.ም

ክቡር አዘጋጅ፦

አሰልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም ከእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ቶተንሃም ከተለያዩ ሁለት ወር ቢያልፍም፣ የክለቡ አመራር እስካሁን ቋሚ ተተኪ አለመሾሙ እኛን ደጋፊዎችን እጅግ አሳዝኖናል። ቡድኑ በረዳት አሰልጣኙ ክርስቲያን ስቴሊኒ እጅ ሳለ ሚያዝያ 15 ቀን በኒውካስል ሜዳ ገና በ21 ደቂቃ ውስጥ 5 ግብ ተቆጥሮበት በመጨረሻ 6 ለ 1 ተሸነፈ፤ በማግስቱም ኃላፊነቱ ወደ ራያን ሜሰን ተላለፈ። ለዚህ ውርደት ስቴሊኒን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የውድድር ዘመኑን በ8ኛ ደረጃ ስንጨርስ የአውሮፓ መድረክም አመለጠን።

መዘግየቱን ከጥንቃቄ የሚቆጥሩ አሉ። ሆኖም በ2013 ዓ.ም የያኔው አሰልጣኛችን ጆዜ ሞሪንሆ ከተሰናበቱ በኋላ የተደረገው ፍለጋ ከሁለት ወር በላይ ቢፈጅም፣ የተመረጡት ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የቆዩት አራት ወር ያህል ብቻ ነበር። ዘንድሮ በሊጉ 30 ግብ ያስቆጠረው አጥቂያችን ሃሪ ኬን የቀረው ውል የአንድ ዓመት ነው፤ ማን እንደሚያሰለጥነው ሳያውቅ አዲስ ውል ይፈርማል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። የወቅቱ የክለቡ ሊቀመንበር ዳንኤል ሌቪ ተጫዋቾች ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ከመሰባሰባቸው በፊት ሹመቱን እንዲያጠናቅቁ፣ የፍለጋቸውንም መስፈርት ለደጋፊው በግልጽ እንዲያስረዱ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቶተንሃም ደጋፊ፣ ከአዲስ አበባ