ኖራ ሲባል የትኛው ኖራ?

ውድ ሂሩቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? እትዬስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መቼም ተጠፋፋን። «ዛሬ ማታ እደውላለሁ» እያልኩ አንዱ ማታ ሌላውን እየወለደ ይኸው እዚህ ደረስን። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። ጉዳይ አለኝ፣ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ካንቺ የተሻለ ሰው የለኝም።

ስለ አፈርና ስለ ውሃ የተጻፈ ሰነድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሚነበበው እናንተ ጋ ነው፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከዚያም በእነሱ አፍ ለገበሬው ይደርሳል። እንግሊዝኛው ከዳር እስከ ዳር «ላይም» ይላል። እኛም «ኖራ» እንላለን። በቃ፣ ያልቃል፣ ይመስላል። ግን ሰነዱን እያገላበጥኩ ስሄድ አንዱ ምዕራፍ ላይ ያለው ኖራ ሌላው ምዕራፍ ላይ ካለው ጋር በፍጹም አንድ አይደለም።

ስለ አሲዳማ አፈር የሚያወራው ክፍል የሚፈልገው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። በእሳት አላለፈም፣ ተፈጭቶ ብቻ ጆንያ ውስጥ የገባ ነው። ስለ አየር ብክለት የሚያወራው ክፍል ደግሞ ያንኑ ድንጋይ እቶን ውስጥ ያስገባዋል። በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል 100 ኪሎው ንጹህ ድንጋይ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአየር ይሰጥና 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይሄ የተቃጠለው ኖራ ነው። ውሃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፣ ይግላል፣ ከዚያ ሦስተኛው ይወጣል፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለማከም አሉም ከሚባለው የውሃ ማጥሪያ ጨው ጋር የሚጨመረው ይሄ ነው፣ ናልጎንዳ የሚሉት ዘዴ። ቆዳ ፋብሪካም ጸጉር የሚያስለቅቀው በዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ፣ ኬሚስትሪ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። ግን ሰነዱን የሚያነበው ልጅ ላያውቀው ይችላል፣ የኔም ጭንቀት እሱ ነው። ገበሬው ኖራ የሚበትነው በእጁ ነው። ላብ በያዘው እጅ፣ ነፋስ እያለ፣ ዓይኑን ሳይሸፍን። የድንጋዩ ዱቄት ከሆነ አቧራው ከማስቸገሩ በቀር ብዙም አያሰጋም። የተቃጠለው ከሆነ ግን ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ዕውርነት ያደርሳል። «ኖራ በተኑ» ተብሎ የተነገረው ሰው ከግንበኛ መጋዘን የተረፈውን ኖራ ቢያመጣ በምን ልፈርድበት እችላለሁ? ያልነው ኖራ ነው፣ ያመጣውም ኖራ ነው።

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። ሰነዱ በሄክታር 2 ቶን ሲል የድንጋይ ዱቄት ማለቱ ከሆነ፣ በተቃጠለው ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ከ1.1 ቶን ብዙም አይበልጥም። ሳይለዩ 2 ቶን ሙሉ ቢያፈሱት አፈሩ ከአሲዳማነቱ አልፎ ወዲያ ማዶ ይሻገራል፣ ዚንኩና ብረቱ ለተክሉ አይደርሱትም። አሲድ አጠቃን ብሎ የመጣ ሰው በሌላ በኩል ይጎዳል።

እናንተ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የአፈሩ ፒኤች፣ ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚናገረው መለኪያ፣ ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ያቀጭጨዋል፣ በብድር የተገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ማሳውን ለደከረንስ፣ ለከሰል ለሚተከለው ዛፍ፣ የሰጠው ከሰል ስለሚሸጥለት ብቻ ነው እንዴ? መሬቱ እህል ስለነፈገውም ነው እንጂ። እንዲህ ላለ ሰው የሚጻፍ ምክር ግልጽ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ከልቤ ነው የምልሽ።

ሥራውን የሰጡኝ ሰዎች «ኖራ ኖራ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ አታወሳስቢው» አሉኝ። ገጹ ይረዝማል ብለው ሰጉ። ይርዘማ! እኔ በየቦታው ሙሉ ስሙን እየጻፍኩ ነው፦ «የኖራ ድንጋይ ዱቄት»፣ «የተቃጠለ ኖራ»፣ «ውሃ የጠጣ ኖራ»። የኬሚካሉን ስም መጀመሪያ ሲመጣ አንዴ ጠቅሼዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ይሄ ይበቃል። እንግሊዝኛው ዝም ያለበት ቦታ ሁለት አለ፣ ዙሪያውን ያለውን አንብቤም አልለየሁትም። ለደራሲዎቹ ጽፌ ጠይቄያለሁ፣ መልስ እስኪመጣ ክፍት ትቼዋለሁ እንጂ ገምቼ አልሞላውም።

አሁን ካንቺ የምፈልገው ይሄ ነው። እናንተ ጋ ገበሬው በጆንያ የሚመጣለትን ዱቄትና ግድግዳ የሚቀባውን ለይቶ ይጠራቸዋል? የሚለይበት የራሱ ስም ካለው የኔን ጥዬ የሱን እወስዳለሁ። በአዊኛስ ምን ይሉታል? ሰነዱ ከአማርኛው ወደ አዊኛ ይመለሳል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፣ እኔ ያደበላለቅኩት እዚያም ተደበላልቆ እንዳይደርስ ፈራሁ። «ውሃ የጠጣ» የሚለውም ለጆሮ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ፣ እርጥብ ማለት መስሎ ከተሰማሽ እቀይረዋለሁ፣ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው የሚሸጠው።

ረቂቁን በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ የአፈሩን ምዕራፍ ብቻ ብታዪልኝ ይበቃኛል። ድምፅ ቀርጸሽ ብትልኪም ደስ ይለኛል፣ ድምፅሽ ራሱ ናፍቆኛል። እትዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው
አልማዝ