የለመደ እጅ ነው የሚያስፈራው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨጓራ ስትጽፉ አነባለሁ ደስ ይለኛል፣ ግን በየቤታችን ልጅ ስለሚያስለቅሰው ስለ በርበሬ እጅ አንድም ቀን አላየሁምና እስቲ እኔ ልጻፍ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥር የእህቴ ሰርግ ነበር። እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ግቢያችን ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበን በርበሬ እንቀነጥሳለን፣ ቡናው አለ፣ ጨዋታው አለ፣ ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት ቁጭ እንዳልን ነው። የወንድሜ ልጅ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እዚያው መሀላችን ይሯሯጣል። አክስቴ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፣ አዎ ታጥበዋል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዛ ልጁን አቀፍ አድርገው ፊቱን በእጃቸው ጠረግ አደረጉለት። በቃ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንዷ ወተት አምጡ ትላለች፣ አንዷ ቅቤ ቀቡት፣ አንዷ እፍ በሉበት፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን ባሸ ቁጥር ይብስበታል። ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን፣ ነርሷ ምንም ሳትቀባው ዓይኑን ከፈት አድርጋ ንጹህ ፈሳሽ ብቻ ለረጅም ጊዜ አፈሰሰችለት፣ ማታ ላይ እየሳቀ ይጫወት ነበር አልሀምዱሊላህ። አክስቴ ግን ሲያለቅሱ ዋሉ። "እኔን እኮ ምንም አላቃጠለኝም፣ ታጥቤያለሁ" ይላሉ። አብሽሩ እትዬ፣ አይዞዎት ብንላቸው ቡና እንኳ አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብ ሳጠያይቅ ከረምኩ፣ መልሱ ያለው እሳቸው ያሉት ቃል ውስጥ ነው። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃ ላይ አይሟሟም፣ ዘይት ላይ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ በውሃ ብቻ ለቅለቅ ማድረግ ምኑንም አያነሳውም፣ ጥፍር ስር እማ ጭራሽ። ሁለተኛው ነገር ካፕሳይሲን ቆዳን እንደ እሳት አይደለም የሚያቃጥለው፣ ሙቀት የሚያውቀውን ነርቫችንን ነው የሚቀሰቅሰው፣ ነርቩ ላይ ከ43 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካው የሚከፈት እንደ በር ያለ ነገር አለ፣ ካፕሳይሲንም ያንኑ በር ነው የሚከፍተው። በ2021 ዴቪድ ጁሊየስ የሚባለው ተመራማሪ ከሌላ ሳይንቲስት ጋር ኖቤል ሲሸለም አንዱ ሥራው ይሄን በር በዚሁ በካፕሳይሲን ፈልጎ ማግኘቱ ነበር። እና ነርቩ በተደጋጋሚ ሲነካ እየደነዘዘ ይሄዳል፣ ለዛ ነው እናቶቻችን ሠላሳ አርባ ዓመት በርበሬ የነካ እጃቸው የማይሰማው። እጁ አልተሰማውም ማለት ግን በርበሬው የለም ማለት አይደለም!! እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የሕጻን ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር የሚጠብቀው። እኛ ደግሞ "የእሷ እጅ ለምዶታል" ብለን ልጅ የምናሳቅፈው ለሷ ነው። የምታጠባ እናትማ የባሰ መጠንቀቅ አለባት፣ በዛ እጅ ጡቷን ነክታ ሕጻኑ አፍ ውስጥ ስትከተው አስቡት።

ስለዚህ ጓንት ልበሱ ነው የምለው። ፋርማሲ ይገኛል፣ ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ነው፣ ማንም አይስቅባችሁም፣ ቢስቅም ይሳቅ። ስንግ ቃሪያ ስትሠሩ ውስጡን በጥፍር አትፋቁ፣ በማንኪያ አውጡት፣ ሰው ፍሬው ነው የሚያቃጥለው ይላል እንጂ ካፕሳይሲኑ በብዛት ያለው ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ነገር ላይ ነው። ሚጥሚጣ ከሆነማ ያለ ጓንት ባትነኩት ይሻላል።

እጅ ካቃጠለ ደግሞ ወደ ውሃ አትሩጡ። መጀመሪያ የምግብ ዘይት አፍስሳችሁ እስከ ጥፍር ስር በደንብ እሹት፣ በሶፍት ጥረጉትና ጣሉት፣ ከዛ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ታጠቡ፣ ይሄንኑ ሁለት ሦስቴ ድገሙት። የሚቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ያስታግሰዋል፣ ሙቅ ውሃ ግን ያብሰዋል። በረኪና የሚሉም ሰምቻለሁ፣ ኧረ ተዉ፣ ቆዳ ነው የሚልጠው። ሽንት ቤት ከመግባታችሁ በፊትም እንደዚሁ ታጠቡ፣ ይሄን የቀመሰ ያውቀዋል።

አፍ ሲቃጠል ወተት ወይ እርጎ ነው፣ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይወርዳል፣ ውሃ አፍ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም። ጾም ከሆነ ትንሽ ስኳር ምላስ ላይ ያዝ ማድረግ፣ እንጀራም ማኘክ ይረዳል።

ዓይን ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ እለምናችኋለሁ። ዓይን ውስጥ ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተትም የለም፣ ወተት ጀርም ሊያስገባ ይችላል። የልጁን እጅ ያዙ እንዳያሸው፣ የእናንተን እጅ በሳሙና ታጠቡ፣ ከዛ ንጹህ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ቀስ እያላችሁ ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው እንዲወርድ አፍስሱ፣ ዓይን ላይ ውሃው የሚጠቅመው ሊያሟሟው ሳይሆን አጥቦ ሊያወጣው ነው። ካልተወው ወይ ማየት ካስቸገረው ሐኪም ጋ ውሰዱት። በርበሬ ሲታመስ የሚነሳው ጭስም ወደ ሳንባ ነው የሚገባው፣ ከደጅ አምሱ፣ ልጅ አዝላችሁ አታምሱ፣ አስም ያለበትንም ራቅ አድርጉት።

አዘጋጆች፣ ረዘመብኝ ይቅርታ፣ ቆርጣችሁም ቢሆን አውጡልኝ፣ ቢያንስ የዓይኑንና የሚያጠቡ እናቶችን እንዳትቆርጡት አደራ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከጥር በፊት ይሁንልኝ፣ በየግቢው ሰርግ አለ፣ በርበሬው ከአሁኑ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ
አንዲት አንባቢያችሁ