«ቤብ» የተባለው ፊልም ተቆራርጦ ስለመታየቱ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በፋሲካ ዕለት በቤተሰብ ቻናላችሁ ስለታየው ፊልም

ጤና ይስጥልኝ።

በፋሲካ ከሰዓት በኋላ «ቤብ» የተባለውን የአውስትራሊያ ፊልም አሳይታችሁናል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስታስተዋውቁት ስለነበር ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው የጠበቀው። የታየው ግን ግማሽ ጎድሎ ነው። ታሪኩን የያዙ ሦስት ቦታዎች ተቆርጠዋል። መቆረጣቸውም በፊትም በኋላም አልተነገረንም።

በማግስቱ ጥሪ ማዕከላችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ እዚያው ጠይቃ መልስ አመጣችልኝ። «ለልጆች ይከብዳሉ የተባሉ ትዕይንቶች ተነስተዋል» አለችኝ። ስለዚህ ነገሩ የሲግናል ወይም የቴክኒክ ችግር አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጠው፣ አስበውበት የቆረጡት ነው። ይህ ደብዳቤ እኚህ ሰው ጋ እንዲደርስልኝ እለምናለሁ። ለልጆቻችን አስበው እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ውሳኔው ግን ስህተት ነው።

ፊልሙን ላላየው የክፍላችሁ ባልደረባ በአጭሩ ልንገር። አንድ የአሳማ ግልገል ከእናቱ ተለይቶ ባዛር ላይ ይቀርባል፤ ክብደቱን ለገመተ ይሰጣል ተብሎ። የሚያገኘው ሆጌት የሚባል ዝምተኛ ገበሬ ነው። ገበሬው ግቢ በግ የምትጠብቅ ፍላይ የምትባል ውሻ አለች፤ እሷ እንደ ልጇ አድርጋ ታሳድገዋለች። ግልገሉ ቀስ በቀስ በግ መንዳት ይለምዳል። ውሾቹ በጉን የሚነዱት በማስፈራራት ነው። እሱ ግን «እባካችሁ» ብሎ ይለምናቸዋል፤ በጎቹም እሺ ይሉታል። እናቴ መንዝ ውስጥ በግ ስትጠብቅ ያደገች ሴት ናት። በጎቹ ለአንድ ግልገል ተሰልፈው ሲሄዱ ስታይ «በለው!» እያለች ነበር። እኛ ቤት የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ልጄም አሳማ በቅርብ አይታ አታውቅም። ቤብን ግን ገና ከመጀመሪያው ወደደችው።

የፊልሙ ቁም ነገር ያለው ግን ከዚህ ሥር ነው። በዚያ ግቢ ሥራ የሌለው እንስሳ መጨረሻው ድስት ነው። ፈርዲናንድ የሚባለው ዳክዬ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሊነጋጋ ሲል እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሰው የሚቀሰቅስ ዳክዬ አይታረድም ብሎ ነው። የገበሬው ሚስት የደወል ሰዓት ስትገዛ ሥራውን ተቀማ ማለት ነው፤ ግልገሉን አግባብቶ ሰዓቱን ሊያሰርቅ የተነሳውም ለዚህ ነው። ስርቆቱን አሳይታችሁናል፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የገና ዕለት ሌላዋ ዳክዬ ለምሳ የምትቀርብበትን ግን አነሳችሁት። ከዚያ ፈርዲናንድ ግቢውን ጥሎ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ የገባው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ማ የምትባለው አሮጊት በግ ጋ ነው። ማ ከበጎቹ ሁሉ የግልገሉ ወዳጅ ናት። ባለቤት የሌላቸው ውሾች መንጋው ላይ ሲወድቁ ግልገሉ ያባርራቸዋል፤ እሷ ግን ትሞታለች። ገበሬው የግልገሉ አፍንጫ ላይ ደም ሲያይ ገዳዩ እሱ ይመስለዋል፤ ጠመንጃ ያነሳል። የሚያድነው እውነቱን ለማወቅ በጎቹ ጋ ሄዳ የጠየቀችው ፍላይ እና ስለ ውሾቹ የተሰማው ወሬ ነው። በጎቹን ስትንቅ የኖረች ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ጠይቃ የምትሰማቸው እዚህ ላይ ነው። በእናንተ ፊልም ውስጥ ማ አንድ ጊዜ አለች፤ ቀጥሎ የለችም።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ሦስተኛው ነው። ገበሬው ግልገሉን ያስመዘገበበት የበግ ነጂ ውሾች ውድድር ሊደርስ ሲል የቤቱ ድመት ግልገሉን ለብቻው አግኝታ አሳማ ለምን እንደሚረባ ትነግረዋለች። እንደሚበላ፣ ቤተሰቦቹም የሄዱት ለዚያ እንደሆነ። ግልገሉ አያምናትም፤ ሄዶ ፍላይን ይጠይቃታል። ፍላይ አትዋሸውም። ገበሬውም ጭምር አሳማ እንደሚበላ ሲሰማ ልቡ ይሰበራል። በዝናብ ወጥቶ ይጠፋል። ፈልገው ሲያገኙት ታሟል፤ ምግብም እምቢ ይላል።

ቀጥሎ ያለው በፊልሙ ውስጥ አንጀቴን የሚበላው ቦታ ነው። ያ ቃል የማይወጣው ገበሬ ግልገሉን ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። በጡጦ ሊያጠጣው ይሞክራል። አልጠጣም ሲለው ይዘፍንለታል፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ይነሳና ክፍሉ መሃል ይጨፍራል። ያ ረጅም፣ ኮስታራ ሽማግሌ ለአንድ የታመመ ግልገል ብሎ ይዘላል! ይህን የሚያደርገው አሳማ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። ግልገሉም ይህን እያወቀ ነው የሚጠጣለት። ይቅር መባባሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እናንተ ጭፈራውን አሳይታችሁ ምክንያቱን ቆረጣችሁት። ልጄ ወደኔ ዞራ «አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው የታመመው?» አለችኝ። እናቴም «ሰውየው ምን አግኝቶት ነው የሚጨፍረው?» አለች። ፊልሙን ተማሪ ሳለሁ ከቪዲዮ ቤት ተከራይቼ አይቼው ስለነበር የጎደለውን በአፌ ተረክሁላቸው። ሌላው ቤት ግን ድሮ ያየው ሰው ላይኖር ይችላል። ያ ልጅ ያየው አሳማ በድንገት ሲታመምና በድንገት ሲድን ነው።

«ለልጆች ይከብዳል» ወደሚለው ልመለስ። ፊልሙ አሜሪካ ሲወጣ «ጂ» የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው። በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ደረጃውም የተሰጠው ድመቷም፣ ጠመንጃውም፣ የገና ዳክዬዋም እያሉ ነው። የእርድ ትዕይንት የለበትም። ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ዲክ ኪንግ ስሚዝ መጀመሪያ ገበሬ፣ ኋላም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። እንስሳም ልጅም ያውቃል። ለልጆች ምን እንደሚነገርና እንዴት እንደሚነገር ያሰበበት ሰው ነው።

ደግሞ የእኛን ልጆች እናስብ። ፊልሙ የታየው በፋሲካ ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጄ ግቢያችን የታሰረውን በግ የጎመን ቅጠል ስታበላው ነበር። «ነገ ነው የሚታረደው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ውሃ ልታመጣለት ሄደች። በማግስቱም ከሥጋው በላች። በዚህ አገር ብዙ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው። በጉ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የማያገኘው ስለዚያ የሚያስበውን የሚነግርለት ታሪክ ነው። ይህ ፊልም ደርሶላት ነበር፤ ያንኑ ነገር ከታሪኩ አውጥታችሁ ሰጣችኋት።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቤብ» በ1996 እ.ኤ.አ. በኦስካር በ7 ዘርፎች ታጭቷል። አንዱ ዘርፍ ኤዲቲንግ ነው። የትኛው ትዕይንት ከየትኛው ቀጥሎ ይምጣ በሚለው ሥራ ማለት ነው። ያሸነፈው በምስል ውጤቶች ዘርፍ ነው። እንስሳቱ እውነተኛ ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ አሻንጉሊት ይተካቸዋል፤ አፋቸው ሲናገር የሚንቀሳቀሰው በኮምፒውተር ነው። የአሳማ ግልገል ቶሎ ስለሚያድግ ለቤብ ብቻ 48 ግልገሎች አሰልጥነዋል፤ አንዱ ሲተልቅ ሌላው ይተካዋል። ሰዎች እንዲህ የተጠነቀቁለትን ሥራ በጥቂት ደቂቃ መቁረጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ማስታወቂያ ብዙ አልልም። ለጣቢያ ገቢ ነው፤ ይግባ። ግን መጨረሻው ውድድር ላይ ግልገሉ በጎቹን እየነዳ ሲሄድ ሲሳለቅ የነበረው ሕዝብ ጸጥ ይላል። የፊልሙ ትልቁ ደስታ ከዚያ ጸጥታ ነው የሚፈነዳው። እናንተ እዚያ መሃል የሳሙና ማስታወቂያ አስገባችሁበት። ከአምስት ደቂቃ በፊት ወይም በኋላ ቢገባ ማንም ባልተቀየመ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፊልሙን ሳይቆረጥ፣ ልጆች ቤት በሚሆኑበት ቅዳሜ ወይም እሁድ መልሳችሁ አሳዩን። ከማሳየታችሁ በፊትም ሙሉው እንደሆነ በማስታወቂያችሁ ተናገሩ፤ ያን ቀን ጎዶሎውን ያየ ሁሉ እንዲያውቅ። ወደፊት አንድ ፊልም ለልጆች ይከብዳል ካላችሁ መጀመሪያው ላይ ጽፋችሁ አሳውቁን፤ ልጃችን አጠገብ ተቀምጠን ማየት አለማየቱን እኛ ወላጆች እንወስን። ቆርጣችሁ ካሳያችሁም መቆረጡን ጻፉ። ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚል ጥያቄ የለኝም። የምፈልገው ፊልሙን ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብታደርሱኝ ደስ ይለኛል። የቤተሰብ ጥቅሉን የማድሰው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቤተሰብ ጥቅል ደንበኛችሁ
አዲስ አበባ