የዲያትሎቭ ተጓዦች ድንኳን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1959 በሩሲያ፣ በሰሜን ኡራል ተራሮች ያለቁት፣ በኢጎር ዲያትሎቭ ይመሩ የነበሩት የ9ኙ ተጓዦች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ሚስጥራዊ መሣሪያ ይሮጣል። ዋናው ፍንጭ ግን ድንኳኑ ነው። ለመትከል ሲሉ ተዳፋቱን ቆርጠው ደለደሉ፤ ከበላዩ የነበረው የበረዶ ንጣፍ ድጋፉን አጣ። ነፋስ ሌሊቱን በረዶ እያመጣ ሲከምርበት ከሰዓታት በኋላም ሊናድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት ተመራማሪዎች በስሌት ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ድንኳኑ ከውስጥ መቀደዱም ከዚህ ጋር ይስማማል። 6ቱን የገደላቸው ብርድ ነው፣ 3ቱን ከባድ ጉዳት። አብዛኞቹ ያለ ጫማ ነበሩ፤ በዚያ ውርጭ ከድንኳኑ 1.5 ኪሎ ሜትር ወደ ጫካው ወርዶ መመለስ ከሰው አቅም በላይ ነው። በአንዳንዶቹ ልብስ ላይ የተገኘው ጨረር ለብቻው የሚጠየቅ ጥያቄ ነውና እባካችሁ ከአሟሟታቸው ጋር አትደባልቁት።