ሳይክሌን የት ላቁማት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ባሕር ዳር ስትጽፉ ሁልጊዜ ሦስት ነገር አትረሱም፤ ጣናን፣ ዘንባባውንና ሳይክሉን። ደስ ይለኛል። እኔም ከሳይክለኞቹ አንዷ ነኝ። አባይ ማዶ እኖራለሁ፣ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ላለፉት 19 ዓመታት ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። ልጄን ሳረግዝ እንኳ እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ አልወረድኩም። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፣ ስለ ሳይክል ማቆሚያ፤ ግን ከሥሩ ልጀምር።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራው ፋብሪካ ማለቴ ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ሠራተኛውም ተማሪውም መኪና የለውም። ከተማው ግን ሜዳ ነው። ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት ስሠለጥን ነው ይህ ምን ያህል በረከት እንደሆነ የገባኝ። እዚያ አቀበቱን በእግር ስወጣ የባሕር ዳር መንገድ በዓይኔ ይመጣ ነበር። የእኛ ከተማ ለሳይክል የተፈጠረ ነው። ሺፍት ሲቀየር በሰፈራችን የሚያልፈው ሳይክል ብዛቱ! ልጅ ሆኜ ደጃፍ ላይ ቆሜ የአባቴን ደወል ከሌላው ሁሉ ለይቼ አውቀው ነበር። አባቴ ሳይክሉን ውጭ አያሳድራትም። ፓራፋንጎዋን፣ የጭቃ መከላከያዋን ማለቴ ነው፣ በጨርቅ ይጠርግና ቤት ያስገባታል፣ ከመደቡ አጠገብ ያስደግፋታል። እናቴ «ከእኛ ጋር ራት ልትበላ ነው?» ትለው ነበር።

አሁን ጠዋት 12፡45 ላይ ከቤት እወጣለሁ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ መንገድ ስላለው እዚያ ላይ ስሆን ትከሻዬ ዘና ይላል። በጥቅምት ጠዋት ከወንዙ ላይ ጭጋግ ይነሳል። ወተት በጀሪካን ጭኖ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ስሙን አላውቀውም፣ እሱም ስሜን አያውቅም፤ ግን 7 ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ መምህር» ብሎኝ ያልፋል። አካፋውን ከኮርቻው ሥር ያሰረ የግንባታ ሠራተኛ አለ። እህቱን ከኋላ የጫነ ልጅ አለ፤ እሷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትይዛለች። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከመሪው ላይ ዶሮ የተንጠለጠለበት ገበያተኛ ይበዛል። የአንዳችን ካቴና ከወለቀ ሌላው ሳይጠራ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ይዤ ዝናብ ያዘኝ። የማላውቀው ወጣት የራሱን ላስቲክ አውልቆ ቦርሳዬን ሸፈነልኝና እየረጠበ ሄደ። መኪና ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን ልጅ አላየውም ነበር።

ችግርም አለ። ከፊቴ ያለ ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ያለ ምልክት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ክዳን የሌለው ቱቦ አለ፤ በክረምት ውኃ ሲሞላው ከመንገዱ አይለይም። ኮብልስቶኑ ላይ እጅ ይደነዝዛል። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ እሱን ግን ለምደነዋል፣ የተፈጥሮ ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የቆመ መኪና በሩን ድንገት ከፈተብኝ። ወደቅኩ። የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ አምስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ። ሹፌሩ በጣም ደነገጠ። ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ ብርቱካን ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶም ጠየቀኝ። ጥሩ ሰው ነው። ግን መኪናውን ያቆመው በሳይክል መስመሩ ላይ ነበር። ለምን እዚያ አቆምክ ብዬ ስጠይቀው «እትዬ፣ ሁሉም እኮ እዚያ ነው የሚያቆመው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በማግሥቱ ስሄድ ቆጠርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ አምስት መኪናና ሁለት ባጃጅ ቆመዋል።

መኪናው የሳይክሉን መንገድ ማቆሚያ ሲያደርገው፣ ሳይክሉ ራሱ የሚቆምበት የለውም። ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«እትዬ፣ ሳይክል አይገባም።»

«የት ላቁማት ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ከውጭ።»

እየተነጋገርን ከኋላዬ መኪና ጡሩምባ ነፋ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ግቢው ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ፣ በዓይኔ አየሁት። እኔ ወጥቼ ከመብራት እንጨት ጋር በሰንሰለት ላስራት ስል የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ መጣና እዚህ አይታሰርም አለኝ። መጨረሻ ላይ አንድ የሊስትሮ ልጅ አዘነልኝ። «ቲቸር፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለኝ። እንዴት አወቀሽ እንዳትሉኝ፤ እጄ ላይ የጠመኔ አቧራ ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስመለስ ፓራፋንጎዋን በጨርቅ ጠርጎ ጠበቀኝ። አባቴ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጥበቃውን አልቀየምኩትም። የተባለውን ነው የሚሠራው። ግን በዚህ ከተማ ስንት ሳይክለኛ በየቀኑ በር ላይ ይመለሳል? ባንክ፣ ክሊኒክ፣ መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ሕንፃ፣ ሁሉ ጋ «አይገባም» ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ አሟት አንድ ክሊኒክ በር ላይ ሳይክሌን ሰንሰለት አስሬ ትቼ ገባሁ። ስወጣ ተቆርጦ የወደቀ ሰንሰለት ብቻ አገኘሁ። የታመመች ልጄን ደግፌ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሌላ ለመግዛት ከሁለት ወር ደሞዜ በላይ ወጣ። ባሌ «በቃ በባጃጅ ሂጂ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ቤንዚን ሲጠፋ የባጃጁን ሰልፍና የተሳፋሪውን መንገላታት አይቻለሁ። እኔ በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ አላረፈድኩም።

ጉዳዩን ወደ ክፍል አመጣሁት። ስለ ስፋት እየተማርን ስለነበር ልጆቹን ሜትር አስይዤ ወደ ግቢያችን የመኪና ማቆሚያ አወጣኋቸው። አንድ መኪና የሚይዘው 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ሆነ። ከዚያ የእኔን ሳይክል ለኩ። መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ርዝመቷ 1 ሜትር ከ80። በ5 ሜትሩ ላይ ደረደሯቸው። «ቲቸር፣ ስምንት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን እጇን አወጣችና «አንዱን ፊቱን፣ አንዱን ጀርባውን እያደረግን ብንደረድር መሪዎቹ አይጋጩም፣ ከስምንትም በላይ ይገባል» አለች። ትክክል ነበረች። ያን ቀን ስለ ስፋት ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለውን የብየዳ ባለሙያም አማከርኩት። የሚያስፈልገው የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው፤ እንደ በር መቃን የቆመ፣ ሁለቱ እግሮቹ በሲሚንቶ የተቀበሩ። አንዱ ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ሳይክል ይይዛል። አንዳንድ ቦታ የሚታየው ጎማ ብቻ የሚይዘው ዓይነት አይጠቅምም። ሳይክሉ ሲገፋ ራጂውን፣ የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ትቶ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ሰንሰለቱ ዋናውን ብረት ማሰር አለበት። ይህን የማንኛውም ጎሚስታ ልጅ ያውቀዋል፤ የሚያሠሩት ሰዎች ግን ሳይክል አይነዱም መሰለኝ።

ከተማችን በኮሪደር ልማት እየተቆፈረና እየተነጠፈ ነው። የሳይክል መስመርም እየተሠራ ነው፤ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። በአገር ደረጃም ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለን። ቀሪው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ይህን ነው። አስፋልቱ ከመድረቁ በፊት ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየሐኪም ቤቱና ከየገበያው በር አጠገብ የአንድ መኪና ቦታ ለሳይክል ይሰጥ። ማቆሚያው ጥበቃው ከተቀመጠበት የሚታይ ይሁን። በሳይክል መስመር ላይ የቆመ መኪና ይነሳ። ለጥበቃዎችም «ሳይክል ይገባል» የሚል አንድ ቃል ይነገራቸው።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ብቻዬን በሳይክል ትምህርት ቤት ልሂድ እያለች ነው። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳትም። ድልድዩ ላይ አልፈራላትም። የምፈራው ከድልድዩ ስትወርድ ያለውን የተከፈተ በር ነው።

ተማሪዎቼ የሣሉትን የማቆሚያ ሥዕል ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ልኩ በሳንቲ ሜትር ተጽፎበታል። ቦታ ካላችሁ አትሙልን፣ አይቶ የሚሠራው ብየዳ ቤት አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ መምህርት
ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ