ተሰጥኦው የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አምልኮ ሥርዓት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከበሮ ላይ ያርፋል። አንዱ «ከበሮና ጭብጨባ ክብሩን ይቀንሳል» ሲል ሌላው «ቅዳሴ ይረዝማል፣ ወጣቱ ይሰለቻል» ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ከበሮም፣ ጸናጽልም፣ ሽብሸባም ቦታ አላቸው። ለካህናቱና ለደብተራዎቹ ከቅዳሴ ውጭ የሚቆመው ዝማሬ፣ ማኅሌቱ፣ አለ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ደግሞ መዝሙሩ። ከበሮው፣ ጸናጽሉና ሽብሸባው ቅዳሴው ላይ አይገቡም፣ በቃ።

ቅዳሴውም ቢሆን ዝምታን አይጠይቅም። መጽሐፉን የገለጠ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉ ምልክቶችን ያያል፦ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። የሚቀድሱት ልዑካን ቢያንስ 5 ናቸው፣ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት፤ ያለ ሕዝቡ ግን ንግግሩ ጎዶሎ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» የሚለው ምእመኑ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ይህን ተሰጥኦ፣ ማለትም የሕዝቡን መልስ፣ የሚመልሱት ማይክሮፎን የያዙ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማጉያው ስለሚበረታ ምእመኑ የራሱን ድምፅ አይሰማም፣ ቀስ በቀስም ይተወዋል። አፍ ሥራ ሲፈታ እጅ ስልክ ይፈልጋል። ስልኩን ከመከልከል በፊት ማይክሮፎኑን ለካህኑና ለዲያቆኑ ብቻ ትቶ፣ ተሰጥኦ መሪዎቹን ያለ ማጉያ ከምእመኑ መሃል ማቆም ይቀድማል። ለጀማሪም መጽሐፉን በሙሉ ከማሸከም እነዚህን ሁለት መልሶች ማስጠናት ይበቃል።

መቆምን በተመለከተ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። የተቀመጠ ሰው እንደሚኖር ሥርዓቱ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ አቅም ያጣችን እናት ገና ከመጀመሪያው «ተነሺ» ብሎ መቆጣት ከሥርዓት ጠባቂነት አይቆጠርም። ጉልበት እያለው ይህን ጥሪ ሰምቶ የማይነሣው ወጣት ግን ምክንያት የለውም። ወዲያው «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ ይከተላል። በአሜሪካና በአውሮፓ በኪራይ አዳራሽ የሚቀድሱ አጥቢያዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፦ አግዳሚ ወንበሮቹ በሌላ አቅጣጫ ተደርድረዋል፣ ሰውም ወደ ወንበሩ ፊት እንጂ ወደ ምሥራቅ አይዞርም። ወንበሮቹ የሚነሡ ከሆኑ መሃሉን ባዶ አድርጎ ለአረጋውያን በግድግዳው ዳር ጥቂት ማስቀረት ይሻላል።

የጫማም ነገር አለ። በር ላይ የተወ ጫማ ስለሚጠፋ ብዙዎች በፌስታል ይዘው ይገባሉ፣ ወንጌል ሲነበብም ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። ቁጥር ያለው መደርደሪያና አንድ ጠባቂ ይህን ያስቀራል። ጠባቂው ታዲያ ዲያቆኑ በመጨረሻ «እትዉ በሰላም»፣ በሰላም ግቡ፣ እስኪል ከቦታው መነሣት የለበትም፤ ቀድሞ ከሄደ ሰውም ጫማውን ፍለጋ ቀድሞ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ