ለብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፦ የተያዙትን ደብዳቤዎች ቅጂ ወደ ባለቤቶቻቸው አገር ላኩ

ይድረስ ለንደን፣ ኪው ለምትገኙ የቤተ መዛግብቱ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ሣጥናችሁ ውስጥ ስላሉት የሰው ደብዳቤዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1758፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በተዋጉበት በሰባት ዓመቱ ጦርነት መሐል፣ «ጋላቴ» የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ከቦርዶ ወደ ኬቤክ ስትጓዝ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተማረከች። 181ዱ ባሕርተኞች ታሰሩ፤ መርከቧም ተሸጠች። ቤተሰቦቻቸው የላኩላቸው መቶ ያህል ደብዳቤ ግን ከወደብ ወደብ ሲከተላቸው ከርሞ ለንደን ቀረ። የታሪክ ምሁሩ ሬኖ ሞሪዩ እናንተ ዘንድ በጥብጣብ እንደታሰረ አግኝተው ከፍተው አነበቡት። ጥናታቸው በ2023 ታተመ።

የማርጌሪት ኬኔል ደብዳቤ ከልቤ አልወጣ ብሏል። የ61 ዓመት የኖርማንዲ ሴት ናት። ራሷ መጻፍ ስለማትችል ሰው ሳታስጽፍ አልቀረችም። ልጇን ኒኮላን ትወቅሰዋለች፦ ለእጮኛህ ትጽፋለህ፣ ለእኔ የለም። ታምሜ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ መቃብር አፋፍ ላይ ነኝ። እጮኛው ማሪያን መሐል ገባችና ለእናትህ ጻፍላት አለችው። እናት ሌላ ደብዳቤ ላከች። አሁን ደግሞ ያስከፋት የእንጀራ አባቱን በደብዳቤው ሳያነሳ መቅረቱ ነው። እኛም አገር ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የጎረቤት ተማሪ ጠርተው ያስጽፉ ነበር። ሰላምታው ውስጥ ስሙ የተዘለለ ዘመድም ያኮርፋል። ማርጌሪትን ሳነብ ሩቅ ሰው አልመሰለችኝም።

ማሪ ዱቦስክም አለች። ለመርከቧ መኮንን ለባሏ ሌሊቱን ሙሉ ብጽፍልህ አልጠግብም ትለዋለች። የት እንዳለ እንኳ አታውቅም። በዓመቱ ሞተች። በሕይወት ሳለች ዳግም አልተገናኙም ማለት ይቻላል።

ይህ የአንዲት መርከብ ጉዳይ ብቻ ነው። በ1755 ጦርነቱ ገና ሳይታወጅ እንግሊዞች 300 ያህል የፈረንሳይ የንግድ መርከቦችን ከ6,000 ገደማ ባሕርተኞች ጋር ይዘዋል። በ1708ቱ የእንግሊዝ ሕግ መሠረት የምርኮው ገንዘብ ለማራኪዎቹ ይከፋፈላል፤ ተራ ባሕርተኞቹ በጋራ ሩቡን ያገኛሉ። ገንዘቡ እንዲከፈል ደግሞ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት መርከቡ የጠላት መሆኑን ማጣራት ነበረበት። ስለዚህ መርከቡ ላይ የተገኘው ወረቀት ሁሉ ይሰበሰባል፤ የፖስታ ከረጢቱም ሳይቀር። እናንተ ዘንድ ያለው ያልደረሰ ደብዳቤ 160,000 ገደማ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከጀርመኑ ኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁ ወረቀቶቹን ፎቶ እያነሳችሁ በነፃ ለማሳየት መነሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ግን ፎቶው ብቻውን ብዙም አያስነብብም። የጋላቴ ደብዳቤዎች እንኳ ሥርዓተ ነጥብ የላቸውም፤ አጻጻፋቸውም እንደ አነጋገራቸው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ከፎቶው ጎን በዛሬ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ይቀመጥ፤ መዝገቡም በመርከቡና በካፒቴኑ ስም ብቻ ሳይሆን በደብዳቤ ላኪዎቹ ስም ይፈለግ። ከጋላቴ ደብዳቤዎች 59 በመቶ ያህሉ በሴቶች የተፈረሙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ቅጂዎቹን ደብዳቤዎቹ ወደተነሱባቸው ከተሞች ላኩ። ማሪ የሞተችው በፈረንሳይ ወደብ ሌ አቭር ነው፤ ከዚያ ጀምሩ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ይረከባችሁ፤ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ ሰው ለንደን ድረስ ሳይመጣ ያንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ